አርቲ ሳሚሽ፦ ከሆቴል ክፍል ካሊፎርኒያን የመራው ሰው

በዚህ ቡለቲን ላይ የምናነባቸው የሕይወት ታሪኮች አብዛኛውን ጊዜ የደራሲያን፣ የታዋቂ ጋዜጠኞች ወይም የአርበኞች ናቸው። እኔ ዛሬ ይዤላችሁ የቀረብኩት ግን ከሦስቱም ወገን ያልሆነ፣ ጭራሽ እስር ቤት ገብቶ የወጣ አሜሪካዊ ነው። ሙሉ ስሙ አርተር ሳሚሽ ሲሆን ሰው ሁሉ የሚጠራው ግን አርቲ እያለ ነበር። ከ1930ዎቹ እስከ 1940ዎቹ መጨረሻ ድረስ በካሊፎርኒያ ግዛት ማንም ሳይመርጠውና ማንም ሳይሾመው፣ የደንበኞቹን ጥቅም የሚነካ ሕግ ሲመጣ የትኛው እንደሚጸድቅ፣ የትኛው ደግሞ ኮሚቴ ውስጥ እንደሚቀበር የሚወስን ሰው ነበር። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው። ዕድሜውን አይቼ አንቱ ልለው ነበር፤ ዕድሜ ልኩን አርቲ እየተባለ ለኖረ ሰው ግን ብዕሬ እምቢ አለኝ።)

ለምን እሱን መረጥሽ ለምትሉኝ ምክንያቴ አንድ ፎቶግራፍ ነው። በነሐሴ 1949 ኮሊየርስ የተባለው የአሜሪካ ሳምንታዊ መጽሔት (በ1957 የተዘጋ ነው) ስለ አርቲ በሁለት ተከታታይ እትሞች ሰፊ ጽሑፍ አወጣ። በአንዱ ፎቶ ላይ ይህ ከ130 ኪሎ በላይ የሚመዝን ሰውዬ ጭኑ ላይ አሻንጉሊት አስቀምጦ ይታያል። አሻንጉሊቱ ትርኢት የሚያሳዩ ሰዎች ከንፈራቸውን ሳያንቀሳቅሱ የሚያናግሩት ዓይነት ነው፤ የለበሰውም የቦዘኔ ቡትቶ ነው። አርቲ ለዚህ አሻንጉሊት ያወጣለት ስም የሕግ አውጪው ምክር ቤት የሚል ነበር። በሌላ አነጋገር፣ አፉን ከፍቼ የማናግረው እኔ ነኝ ማለቱ ነው። ታዲያ ፎቶውን ተደብቆ ያነሳው ሰው የለም። ራሱ ፈቅዶ፣ ደስ ብሎት፣ ለጋዜጠኛ ብሎ ነው የተነሳው።

ትዕቢቱን እንተወውና፣ እንዲህ እንዲደፍር ያደረገው ምንድን ነው? አርቲ ማንም ምንም እንደማያደርገው ያውቅ ነበር። በዚያን ጊዜ በካሊፎርኒያ አንድ ሎቢስት ስሙን፣ ቀጣሪውንና የሚቀበለውን ገንዘብ እንዲያስመዘግብ የሚያስገድደው ሕግ አልነበረም።

ሎቢ ምን እንደሆነ ብዙዎቻችሁ ታውቃላችሁ። ለማያውቁት ባጭሩ፣ አንድ ድርጅት ወይም ማኅበር ሕግ የሚያወጡትን ሰዎች በአንድ ጉዳይ ላይ ለማሳመን የሚያደርገው ጥረት ነው። ይህንን ሥራ በክፍያ የሚሠራው ደግሞ ሎቢስት ይባላል፤ አግባቢ ወይም ወትዋች የሚሉትም አሉ። እኛ አገር ደጅ መጥናት፣ አማላጅ መላክ፣ እጅ መንሻ ይዞ መቅረብ የሚባሉ የቆዩ ነገሮች ስላሉ ሐሳቡ እንግዳ አይሆንብንም። የዶርም ጓደኛዬ ሎቢ ማለት ከረባት ያሰረ ጉቦ ነው ብላ ድርቅ ብላ ተከራክራኛለች። እኔ ግን አልተስማማሁም። የመምህራን ማኅበር ስለ ደመወዝ፣ የገበሬዎች ማኅበር ስለ ማዳበሪያ ዋጋ ለእንደራሴው ቢያስረዳ ምኑ ላይ ነው ጉቦው? የአሜሪካ ሕገ መንግሥት የመጀመሪያ ማሻሻያም መንግሥትን አቤት የማለት መብትን ይጠብቃል። ነገሩ የሚበላሸው ማን ለማን ስንት እንደከፈለና ምን ለማስደረግ እንደከፈለ ሌላው ሰው ሳያውቅ ሲቀር ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉልኝ። ካሊፎርኒያ ስለ ሎቢ ጨርሶ ዝም ብላ ነበር ማለት አይደለም። በ1879 የወጣው የግዛቲቱ ሕገ መንግሥት የምክር ቤት አባልን በጉቦ፣ በሽልማት ተስፋ፣ በማስፈራራት ወይም በሌላ የማጭበርበሪያ መንገድ ድምፁን ለማስለወጥ መሞከርን ሎቢ ብሎ ሰይሞ ከባድ ወንጀል አድርጎት ነበር። ወረቀቱ ላይ ሲታይ ከዚህ የከረረ ሕግ የለም። ዳሩ ግን ሕጉ ቅጣት እንጂ መዝገብ አልነበረውም። ጉቦን ለማረጋገጥ ገንዘቡ ከየት ተነስቶ የት እንደደረሰ መከተል ያስፈልጋል፤ ያንን ደግሞ እንዲጽፍ የሚገደድ ሰው አልነበረም። አርቲ ከዚህ ሕግ ጋር ከሃያ ዓመት በላይ በሰላም ኖሯል። አንድም ቀን በሎቢ ወንጀል አልተፈረደበትም።

አሁን ወደ ሰውየው ልመለስ። አርቲ የተወለደው በ1897 በሎስ አንጀለስ ሲሆን ያደገው ሳን ፍራንሲስኮ ነው። አባቱ ቤተሰቡን ጥሎ ስለሄደ ያሳደገችው እናቱ ናት። ትምህርቱን ገና በልጅነቱ አቋርጦ ሥራ ገባ። በወጣትነቱ በሳክራሜንቶ (የካሊፎርኒያ ዋና ከተማ ሎስ አንጀለስ የሚመስላችሁ ካላችሁ አይደለችም፣ ሳክራሜንቶ ናት) በምክር ቤቱ ውስጥ ዝቅተኛ የተላላኪነትና የጽሕፈት ሥራ አገኘ። እሱ ዩኒቨርሲቲ የገባው እዚያ ነው ማለት ይቻላል። ረቂቅ ሕግ ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደሚሄድ፣ አንድ የኮሚቴ ሰብሳቢ ወረቀት መሳቢያው ውስጥ ከትቶ ቢረሳው ምን እንደሚፈጠር፣ የትኛው አባል ምን እንደሚወድና ማንን እንደሚፈራ አንድ በአንድ አጠና። የሕግ ትምህርት ቤት ደጃፍ ሳይረግጥ ሕግ እንዴት እንደሚሠራ ከጠበቆቹ በላይ ያወቀው በዚህ ምክንያት ነው።

በ1920ዎቹ የአውቶቡስ ኩባንያዎች ጉዳይ አስፈጻሚ ሆነ። ከዚያ ዘመን ሥራዎቹ ለእኛ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች የሚጠቅም አንድ ልንገራችሁ። ኩባንያዎቹ በየከተማው የሚጣልባቸው የተለያየ ግብር ቀርቶ በአንድ የግዛት ግብር እንዲተካላቸው ፈለጉ። ይህ ደግሞ በሕዝበ ውሳኔ መጽደቅ ነበረበት። እስቲ ማን መራጭ ነው ስለ ግብር ስሌት ቁጭ ብሎ የሚያነበው? አርቲ ታዲያ ስለ ግብር አንድም ቃል ሳይጽፍ በየመንገዱ ዳር ባሉት ትልልቅ የማስታወቂያ ሰሌዳዎች ላይ አስቀያሚ አሳማ አስሳለ። በእንግሊዝኛ መንገድ ይዞ ሌላውን የማያሳልፍ ሹፌር አሳማ ነው የሚባለው፤ ማስታወቂያውም አሳማውን ከመንገድ ለማባረር የድጋፍ ድምፅ ስጡ የሚል ነበር። ሕዝቡ ሥርዓት የለሽ ሹፌሮችን የሚቀጣ ሕግ ነው ብሎ አጸደቀለት። ልብ በሉ፣ ሰውየው አልዋሸም። ዝም ነው ያለው። ማስታወቂያውን የከፈለው ማን እንደሆነ በሰሌዳው ግርጌ ተጽፎ ቢሆን ኖሮ ግን ቢያንስ አንዳንዱ ሰው የአውቶቡስ ኩባንያ ስለ አሳማ ምን አገባው ብሎ ይጠይቅ ነበር።

ይሁንና አንድ ሰው ብቻውን ይህን ያህል ሥልጣን እንዴት ያገኛል? መልሱ ከአርቲ በፊት ይጀምራል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ ካሊፎርኒያን እንደፈለገ ያሽከረክር የነበረው ሳውዘርን ፓሲፊክ የተባለው የባቡር ኩባንያ ነበር። በ1910 ሃይራም ጆንሰን የሚባል ሰው የባቡሩን ኩባንያ ከፖለቲካ አስወጣለሁ ብሎ ተወዳድሮ አገረ ገዥ ሆነ፤ ቃሉንም ብዙውን ፈጸመ። ከለውጦቹ አንዱ ግን ያልታሰበ ውጤት አመጣ። አንድ እጩ በሁለቱም ፓርቲዎች ቅድመ ምርጫ ላይ እንዲወዳደር ተፈቀደ። ይህ ከ1913 እስከ 1959 የቆየ አሠራር ሲሆን ኧርል ዋረን በ1946 ለአገረ ገዥነት ሲወዳደሩ የሪፐብሊካንንም የዴሞክራትንም እጩነት አሸንፈዋል። እጩው ለፓርቲ የማያድር ከሆነ ፓርቲው ለምርጫ ገንዘብ አይሰጠውም፣ አይቆጣውም፣ አይመክረውም። የምክር ቤት አባላቱ ደመወዝ ደግሞ በ1930ዎቹ በወር 100 ዶላር ነበር። ፓርቲ የለውም፣ ገንዘብ የለውም፣ ረዳት የለውም፣ ግን በየሁለት ወይም በየአራት ዓመቱ መመረጥ አለበት። ክፍተቱን የሚሞላ ሰው ሲመጣ በሩን ክፍት ነው የሚያገኘው።

አርቲ ክፍተቱን የሞላው በቢራ ነው። የአሜሪካ የአልኮል እገዳ በ1933 ሲነሳ የካሊፎርኒያ ቢራ ጠማቂዎች ማኅበር አቋቋሙ፤ አርቲንም ቀጠሩት። ከመደበኛ ክፍያው ሌላ ጠማቂዎቹ ከሚሸጡት ከእያንዳንዱ በርሜል ላይ 5 ሳንቲም (የአሜሪካ ሳንቲም ነው እንግዲህ) ወደ አንድ ልዩ ፈንድ ያስገቡ ነበር። 5 ሳንቲም ምን አላት ትሉ ይሆናል። 1 ሚሊዮን በርሜል ሲሸጥ 50 ሺህ ዶላር ነው። በወር 100 ዶላር ለሚከፈላቸው እንደራሴዎች 50 ሺህ ዶላር ምን ማለት እንደሆነ አስሉት። ፈንዱን የሚያዝበት አርቲ ብቻ ነበር። ገንዘቡን ያዋጡት ጠማቂዎች እንኳ ምን ላይ እንደዋለ አይጠይቁም፤ ታክሳቸው ዝቅ እስካለና የሚጎዳቸው ሕግ እስካልወጣ ድረስ ምን ቸገራቸው! ቀስ እያለም የመጠጥ አከፋፋዮች፣ የጭነት መኪና ባለንብረቶች፣ የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳዎችና የሲጋራ ነጋዴዎች ደንበኞቹ ሆኑ።

አሠራሩ ከተራ ጉቦ የረቀቀ ነበር። በአርቲ እምነት ከተመረጠ ሰው ጋር ከመከራከር ሰውየውን መርጦ ማስመረጥ ይቀላል። ስለዚህ በእያንዳንዱ የምርጫ ወረዳ ማን እንደሚያዋጣ በሰዎቹ ያስጠናል፤ የእያንዳንዱን እጩ ታሪክ፣ ቤተሰብ፣ ዕዳ፣ ድክመት በመዝገብ ያስቀምጣል። ከዚያ ቢራ ጠማቂዎቹ ከተከራዩአቸው የማስታወቂያ ሰሌዳዎች ላይ ለምርጫው ሰሞን የቢራው ሥዕል ይነሳና የእጩው ፎቶ ይለጠፋል። የገጠር ወረዳ እጩ በራሱ አቅም በሕልሙም የማያገኘው ማስታወቂያ ነው! ሰውየው ከተመረጠ በኋላ አርቲ ዕለት ዕለት አይጨቀጭቀውም። በትምህርት፣ በመንገድ፣ በውኃ ጉዳይ ኅሊናው እንዳለው ድምፅ ይስጥ። የአርቲ ደንበኞች ጉዳይ ሲመጣ ብቻ ውለታውን ያስታውሳል። ከአንድ ሰው ጋር ትንሽ ቆይቶ የሚፈልገው የተጠበሰ ድንች ይሁን፣ ሴት ይሁን፣ ገንዘብ ይሁን መለየት እንደሚችል ይፎክር ነበር። ድንቹን የጨመረው ለቀልድ አይመስለኝም፤ ሁሉም ሰው በገንዘብ እንደማይገዛ የገባው ሰው ነበር።

ቢሮው በሳክራሜንቶ ከምክር ቤቱ ሕንፃ ፊት ለፊት የነበረው ሴኔተር ሆቴል ነበር። ምክር ቤቱ ውስጥ እምብዛም አይታይም። መብልና መጠጥ ከማይጠፋበት ክፍሉ ተቀምጦ ሰዎቹ ናቸው ወደ እሱ የሚመላለሱት። ደጅ የሚጠናው ሎቢስቱ መሆኑ ቀርቶ እንደራሴው ሆነ ማለት ነው።

ይህ ሁሉ ሲሆን ጋዜጠኛና መርማሪ የት ነበር? ነበሩ። በ1938 ሃዋርድ ፊልብሪክ የሚባል መርማሪ በሳክራሜንቶ የምክር ቤቱን ሙስና እንዲያጣራ ተቀጥሮ ነበር። የባንክ ሒሳቦችን ተከትሎ፣ ማን ለማን ምን ያህል እንደከፈለ ዘርዝሮ ወፍራም ሪፖርት አዘጋጀ፤ አርቲም በሰፊው ተነስቶበታል። ሪፖርቱ በ1939 ለምክር ቤቱ ቀረበና በሴኔቱ ቃለ ጉባኤ ላይ ታተመ። ከዚያስ? ሴኔቱ ድምፅ ሰጥቶ ከቃለ ጉባኤው እንዲፋቅ አደረገው። እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ተፋቀ! ውሸት ነው ብሎ የተከራከረ፣ በማስረጃ ያፈረሰ አካል ሳይኖር ወረቀቱ ብቻ ጠፋ። እኔ ይህንን ክፍል ሳነብ ነው የመዝገብ ነገር በደንብ የገባኝ። የፊልብሪክ ሪፖርት የአንድ ጊዜ ሥራ ስለነበር በአንድ ቀን ድምፅ ሊጠፋ ቻለ። በየወሩ ወይም በየሩብ ዓመቱ ሎቢስቱ ራሱ ፈርሞ የሚያስገባው ሰነድ ቢሆን ኖሮ ግን ማንን ፍቀው ማንን ይተዋሉ?

ከዚያ በኋላ አርቲ አሥር ዓመት ተጨማሪ ነግሷል። በሐምሌ 1949 ኬሪ ማክዊሊያምስ የተባለ የካሊፎርኒያ ጸሐፊ ዘ ኔሽን በተባለው መጽሔት ስለ እሱ ጻፈ። በወሩ ደግሞ የኮሊየርሱ ሌስተር ቬሊ መጀመሪያ ላይ የነገርኳችሁን ጽሑፍ አወጣ፤ ርዕሱም አርቲን የካሊፎርኒያ ስውር አለቃ የሚል ነበር። በጽሑፉ ውስጥ ከፎቶው ቀጥሎ ያስደነገጠኝ የአገረ ገዥው የዋረን ቃል ነው። የአርቲን ደንበኞች በሚመለከት ጉዳይ ላይ አርቲ ከአገረ ገዥው የበለጠ ሥልጣን እንዳለው ራሳቸው አምነዋል። የክፍላችን ልጆች ስናወራ ታዲያ አንድ ጥያቄ ተነስቶ ነበር። የሳክራሜንቶ ዘጋቢዎች በየቀኑ በዚያ ሆቴል በር እያለፉ ነገሩን ለአገር ያሰማው ለምን ከውጭ የመጣ መጽሔት ሆነ? የእኔ ግምት አንድ ቤት ሲሠሩ የኖሩ ሰዎች የተለመደ ነገር ዜና መሆኑን ይረሳሉ የሚል ነው። ከዚህ የተሻለ መልስ ያለው በሚቀጥለው እትም ይጻፍልን።

አሻንጉሊቱ ሥራውን ሠራ። የምክር ቤት አባላቱ ቦዘኔ መስለው በየቤቱ ታዩ፤ በየወረዳቸውም መሳቂያ ሆኑ። ጉቦ ተበላ ከሚለው ሐሜት ይልቅ ይህ ውርደት ነው ያንገበገባቸው። ዋረን በታኅሣሥ 1949 ምክር ቤቱን ለልዩ ስብሰባ ሲጠሩ የሎቢ ሕግ ከአጀንዳዎቹ አንዱ ሆነ፤ ሕጉም ጸደቀ። በዚህ ሕግ መሠረት በክፍያ ሎቢ የሚያደርግ ሰው መመዝገብ፣ ማን እንደቀጠረው መናገር፣ የተቀበለውንና ያወጣውን ገንዘብ ማሳወቅ ግዴታው ሆነ። ለካሊፎርኒያ አዲስ ይሁን እንጂ ለአሜሪካ አዲስ አልነበረም። ማሳቹሴትስ በ1890 ተመሳሳይ የምዝገባ ሕግ አውጥታለች፤ የፌዴራሉ መንግሥትም በ1946 የራሱን አውጥቷል። ካሊፎርኒያን የቀደሟት ብዙ ናቸው።

የአርቲ ውድቀት ግን በዚህ ሕግ አልመጣም። በ1951 በሴኔተር ኤስቴስ ኪፎቨር የሚመራው የፌዴራል ሴኔት የተደራጀ ወንጀል አጣሪ ኮሚቴ ሳን ፍራንሲስኮ ድረስ መጥቶ ስለዚያ የበርሜል ፈንድ ጠየቀው። ገንዘቡን ለማን ሰጠህ፣ ደረሰኙስ ሲባል ሰነድ የማስቀመጥ ልማድ እንደሌለው ነው የተረዱት። የፌዴራል ግብር ሰብሳቢው መሥሪያ ቤት ግን ሌላ ፈትል አገኘ። ሸንሊ ከተባለው የመጠጥ ኩባንያ በአንድ የማስታወቂያ ድርጅት በኩል ዞሮ የተከፈለውና በገቢው ላይ ያላስታወቀው ገንዘብ ነበር። በ1953 በግብር ስወራ ጥፋተኛ ተባለ፤ 3 ዓመት እስርና 40 ሺህ ዶላር መቀጮ ተፈረደበት። ይግባኙ ሁለት ዓመት ከወሰደ በኋላ በዋሽንግተን ግዛት ማክኔል ደሴት ላይ በነበረው የፌዴራል እስር ቤት ገብቶ 26 ወር ታስሮ ወጣ። ከፖለቲካም በዚያው ወጣ።

አንዳንዱ ሰው እዚህ ላይ አንጀቱ ይርሳል። እኔ አልራሰልኝም። አርቲ የተቀጣው ከአሜሪካ መንግሥት ግብር ስለሰወረ ነው። የካሊፎርኒያ ሕዝብ ስላጣው ነገር፣ ማለትም በገዛ ድምፁ የመረጠው ሰው ለማን እንደሚያድር ስለማወቁ፣ ማንም አልጠየቀውም። እንደራሴዎቹም አብዛኞቹ ምንም አልሆኑም። ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል የሚለው የእኛ ተረት እንኳ ለእነሱ አይሠራም፤ በልተውም አልተሻሩም።

አርቲ ከእስር በኋላ በሳን ፍራንሲስኮ ጸጥ ብሎ ኖረ። በ1971 ቦብ ቶማስ ከተባለ ጋዜጠኛ ጋር ሆኖ የሕይወት ታሪኩን በመጽሐፍ አሳተመ፤ ርዕሱን ከራሱ ከኮሊየርስ ወስዶ የካሊፎርኒያ ስውር አለቃ አለው። መቼም ነውር አያውቅም! የወደቀበትን ስም ማዕረግ አደረገው። የአሳማውን ታሪክ ጨምሮ አብዛኛውን ዘዴውን ለዓለም የነገረው ራሱ ነው። ባለሥልጣን በነበረበት ጊዜ አንድ ወረቀት አልሞላም፤ ሥልጣኑ ካለቀ በኋላ ሙሉ መጽሐፍ ሞላ።

የሞተው በየካቲት 1974 ነው። በዚያው ዓመት በሰኔ ወር የካሊፎርኒያ ሕዝብ ፕሮፖዚሽን 9 የሚባለውን የፖለቲካ ማሻሻያ ሕግ 70 በመቶ በሚጠጋ ድምፅ አጸደቀ። ጊዜው የዋተርጌት ቅሌት የተጋጋለበት ነበር። ሕጉን ካረቀቁትና ከገፉት አንዱ ያኔ የግዛቲቱ ዋና ጸሐፊ የነበሩት ጄሪ ብራውን ሲሆኑ በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ አገረ ገዥ ሆነው ተመርጠዋል። ሕጉ የመጣው ሃይራም ጆንሰን በ1911 ባመጣው የሕዝብ ፊርማ መንገድ ነው፤ የአርቲ አሳማ ያለፈበት የሕዝበ ውሳኔ ሰሌዳ አሁን ለተቃራኒው ሥራ ዋለ።

የ1949ኙ ሕግ ሪፖርት አስገቡ ይላል እንጂ ሪፖርቱ እውነት ይሁን ሐሰት የሚመረምር ጠንካራ አካል አልነበረውም። የ1974ቱ ራሱን የቻለ ኮሚሽን አቋቋመ፤ ሒሳቡንም የግዛቲቱ ግብር መሥሪያ ቤት ኦዲተሮች እንዲያዩት አደረገ። ሎቢስቱ ብቻ ሳይሆን የቀጠረው ድርጅትም ሪፖርት ያስገባል። ይህች የመጨረሻዋ ነጥብ ለእኔ ከሁሉም ትበልጣለች። በአርቲ ዘመን ቢራ ጠማቂዎቹ ገንዘቡ ምን ላይ እንደዋለ አናውቅም ብለው መገላገል ይችሉ ነበር። አሁን ከፋዩም ፈርሞ ነው የሚያስገባው፤ ሁለቱ ወረቀቶች ካልተገናኙ ጥያቄ ይነሳል። ረቂቁ ካለፈ ይህን ያህል እከፍልሃለሁ የሚል ውልም ተከልክሏል። ሎቢስት ለአንድ ባለሥልጣን በወር መስጠት የሚችለው ስጦታ ደግሞ 10 ዶላር ሆነ፤ ደጋፊዎቹ ሁለት ሃምበርገርና አንድ ኮካ ኮላ የሚገዛ ገንዘብ እያሉ ያስረዱ ነበር። ዛሬ 10 ዶላር አንድ ሃምበርገርም አይገዛ ይሆናል፤ ጣሪያው ግን እስካሁን ያው 10 ዶላር ነው።

ሁሉም ነገር እንደታሰበ አልሄደም። ሎቢስቶች ለእጩዎች የምርጫ መዋጮ እንዳይሰጡ የሚከለክለውን ክፍል ፍርድ ቤት በ1979 ከሕገ መንግሥት ጋር ይጋጫል ብሎ ጣለው። በ2000 መራጮች ጠበብ ባለ መልኩ መለሱት፤ ሎቢስቱ ሊያግባባ ለተመዘገበበት ባለሥልጣን መዋጮ አይሰጥም የሚል ነው። ማን ሎቢስት ይባላል የሚለውም ራሱን የቻለ ክርክር ነው። በካሊፎርኒያ አንድ ሰው በአንድ ወር ውስጥ ባለሥልጣናትን በቀጥታ ለማግባባት 2 ሺህ ዶላር ወይም ከዚያ በላይ ከተከፈለው፣ ወይም ተቀጣሪ ሆኖ የሥራ ጊዜውን ሲሶ በዚሁ ላይ ካዋለ ይመዘገባል። በ10 ቀን ውስጥ መመዝገብ አለበት። ከዚያ በታች የሆነ አይገደድም፤ ስለዚህ ሰዓቱን ከሲሶ በታች አድርጎ የሚቆጥር አማካሪ እንደማይጠፋ መገመት አያቅትም።

ይህ ለእኛ ምን ይጠቅመናል የሚል ካለ አንድ ቅርብ ምሳሌ ልስጥ። በ2007 በአሜሪካ ኮንግረስ ኢትዮጵያን የሚመለከተው ኤች አር 2003 የተባለው ረቂቅ ሲታይ (እኔ ያኔ ገና ሕፃን ነበርኩ፣ ከታላላቆቻችን ነው የሰማሁት) በአሜሪካ ያሉ ኢትዮጵያውያን እንደራሴዎቻቸውን ይወተውቱ ነበር፤ የኢትዮጵያ መንግሥት ደግሞ ዲኤልኤ ፓይፐር የተባለውን የጥብቅና ድርጅት ቀጥሮ ነበር። ረቂቁ በጥቅምት 2007 በታችኛው ምክር ቤት ቢያልፍም ሕግ ሳይሆን ቀርቷል። መንግሥት ድርጅቱን መቅጠሩን ሰው ሁሉ በሰነድ ሊያረጋግጥ የቻለው በአሜሪካ ለውጭ መንግሥታት የሚሠሩ ወኪሎች እንዲመዘገቡ የሚያስገድድ የ1938 የፌዴራል ሕግ ስላለ ነው። ከግዛቶቹ ሕግ የተለየ ቢሆንም ሐሳቡ አንድ ነው። ደጋፊም ይሁን ተቃዋሚ፣ ጋዜጠኛው ወሬ ሳይሆን ፊርማ ያለበት ወረቀት ይዞ መጻፍ ቻለ።

ዛሬ 50ዎቹም የአሜሪካ ግዛቶች የሎቢስት ምዝገባ ሕግ አላቸው። የካሊፎርኒያው መዝገብ በኢንተርኔት ለማንም ክፍት ስለሆነ ለዚህ ጽሑፍ ስል በላይብረሪያችን ኮምፒውተር ገብቼ አየሁት። የቀጣሪው ስም፣ የሎቢስቱ ስም፣ በሩብ ዓመቱ የተከፈለው ገንዘብና የተነጋገሩባቸው ረቂቆች ቁጥር ይገኛል። ቁጥሩን ከረቂቁ ጋር ማያያዝ ግን የአንባቢው ሥራ ነው፤ ሕጉ ሎቢስቱ ረቂቁን ደገፈው ወይስ ተቃወመው ብሎ አያስጽፍም። ከዝርዝሩ ግርጌ ደግሞ ተጽዕኖ ለማድረግ የወጣ ሌላ ክፍያ የሚል ዓምድ አለ፤ ለአማካሪዎች፣ ለማስታወቂያና ለመሳሰሉት የሚወጣው ገንዘብ የሚገባው እዚያ ነው። የአሳማው ሰሌዳ ዛሬ ቢሠራ ሒሳቡ የሚገባው እዚህ ዓምድ ውስጥ ይመስለኛል፤ ይህ ዓምድ ምን ያህል ይዘርዘር የሚለው ነገርም በሳክራሜንቶ ለዓመታት ሲያከራክር የቆየ ነው።